እጅ የሚበላ ጨው

እናቴ እጇን የነፈገችኝ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው።

ከዚያ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። ጉልበቷ መሀል ታስቀምጠኝና፣ ስቁነጠነጥ በማበጠሪያው ጀርባ አናቴን መታ እያደረገች፣ ዓይኔ እስኪወጠር አጥብቃ ትጎነጉነኛለች። አንድ ቅዳሜ ማበጠሪያውንና ቅባቱን ይዤ ስመጣ ግን ነጠላዋን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ጎትታ «ዛሬ እትዬ ሙሉዬ ቤት ሂጂ፤ ልጃቸው ትሥራሽ» አለችኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ጉርሻ ቀረ። ከዚያ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጉንጮቼን በሁለት እጇ ይዛ መሳሙ ቀረና፣ ከጓዳ በር ላይ ቆማ «መጣሽ?» ማለት ብቻ ሆነ። የምትበላበት ሳህንም ከእኛ ሳህን ተለየ።

ልጅ ምክንያት አያጣም፤ እኔም አላጣሁም። ሰልችቻታለሁ ብዬ ደመደምኩ። የሰለቸው ሰው ምን እንደሚያደርግም አውቅ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ድመቷ ስትሰለቻት በጆንያ ከታ ሐይቁ ዳር ጥላት ተመልሳለች። እኔም የምጣልበትን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ።

ይህ የሆነው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አባቴ ሙሉጌታ ከደብረ ብርሃን በመምህርነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ሲያምር ያየ ሁሉ ማስታወቂያ ጻፍልኝ እያለ ሲያስቸግረው ጠመኔውን ተወና ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአቶ ኑሪ የጨርቅ መደብር ጎን የሕትመት ቤት ከፈተ። ካናቴራ፣ ባነር፣ ማልያ ያትማል። ያትማል ስል ፊደሉን ይጽፋል ማለቴ ነው። የቀረውን ሁሉ የምትሠራው እናቴ ጽጌሬዳ ነበረች።

ሥራው በስስ ሐር ነው። ሐሩ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል። እናቴ ፍሬሙን ይዛ ወደ ኋለኛው ክፍል ትገባለች። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ያለው መብራት አንድ ደብዛዛ ቀይ አምፖል ነው። እዚያ ውስጥ ኮላውን ባይክሮሜት ከሚሉት ጨው ጋር ትቀላቅልና ሐሩን ትቀባዋለች። ሲደርቅ አባቴ በጥቁር ቀለም የጻፈበትን ስስ ወረቀት ትለጥፍበትና መስታወት ትደፋበታለች፤ ከዚያ ወደ ግቢ አውጥታ ለፀሐይ ታሰጣዋለች። ፀሐይ ያገኘው ኮላ ይጠነክራል፤ በፊደሉ ጥላ ሥር የዋለው እንደለሰለሰ ይቀራል። በመጨረሻ ውኃ ስታፈስበት የለሰለሰው ታጥቦ ይሄድና በሐሩ ላይ የፊደሉ ቅርጽ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙ የሚያልፈው በዚያ ነው። እኔ ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው እናቴ ውኃ ስታፈስ ምንም ከሌለበት ቦታ ፊደል እንደሚወጣ ነው። በዓለም ላይ ከእሷ በቀር ይህን የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጨው ስላችሁ የወጥ ጨው እንዳይመስላችሁ። እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ውኃ ሲገባበት ሚሪንዳ ይመስላል። አባቴ «ሚሪንዳ መስሎሽ እንዳትቀምሺው፣ አንጀትሽን ነው የሚቆርጠው!» እያለ ያስፈራራኝ ነበር። እናቴ ግን ጨው መሟሟቱን የምታውቀው ጣቶቿን ነክራ፣ የዕቃውን ታች ዳብሳ ነው። አባቴ በማንኪያ አማስዪው ሲላት ትስቅበታለች።

«ማንኪያ ምን ያውቃል?» ትለዋለች።

ዛሬ እኔ እዚሁ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ጨውንም በሙሉ ስሙ እጠራዋለሁ፤ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ይባላል። በየዓመቱ ከአሲድና ከአልኮል ጋር አገናኘውና ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ተማሪዎቼ ያጨበጭባሉ። ቆንጆ ነገር ነው፤ መካድ አልችልም። ብልቃጡን ለማንም አላስነካም፤ ከሩቅ ነው የማሳየው። ፀሐይ ሲያገኘው በጨው ውስጥ ያለው ክሮም የሚባል ብረት ጠባዩን ይለውጥና የኮላውን ክሮች እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ ውኃ የማይበግረው ለዚህ ነው። አረንጓዴው የክሮም ጨው ደግሞ የከብት ቆዳ ሳይበሰብስ ጫማ እንዲሆን ያለፋል። የእናቴ ኮላ ከከብት ቆዳና አጥንት የወጣ ነበር። የሰው ጣትም የተሠራው ከዚያው ዓይነት ነገር ነው፤ ብርቱካናማው ጨው ደግሞ ይህ ኮላ ነው፣ ይህ ጣት ነው ብሎ አይለይም።

ነጠላው የደበቀብኝ ይህን ነበር። በጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ወጥተው ነበር፤ ጠርዛቸው የደረቀ፣ መሀላቸው የጠቆረ። የከፋው ነገር አለማመማቸው ነው። ቢያሟት ኖሮ ቅባት ቀብታ ታልፈው ነበር። ቁስል ሆኖ የማያም ነገር ግን በእኛ አገር ሰው ልብ ውስጥ የሚያመጣው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። አፍንጫዋም ይደማ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስትል ቀጭን ፉጨት ከአፍንጫዋ ይወጣል። እኔ በእንቅልፍ ልቧ የምታንጎራጉር መስሎኝ በሩ ሥር ተቀምጬ እሰማት ነበር። እጇን ከነፈገችኝ ወዲህ ከእሷ የደረሰኝ ያ ፉጨት ብቻ ስለነበር እወደው ነበር። አየሩ በተበሳው የአፍንጫዋ ግድግዳ እያለፈ እንደሚያፏጭ ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ በሕትመት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከተሰጡት ፍሬሞች መሀል ተቀምጫለሁ። እናትና አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው፤ መምጣቴን አላወቁም።

«አያምም እኮ ነው የምልህ» አለች እናቴ። «ሙሌ፣ ያ ነገር ነው። አፍንጫዬንም ጀምሮኛል።»

«ተይ እስቲ፣ አፍሽን አታሟርቺው!»

«የአጎቴን ሚስት እንዲህ አድርጎ ነው የጀመራት። መጨረሻዋን አይቻለሁ። ከጓሮ ጎጆ ቀልሰውላት፣ ምግቧን ደጅ ላይ እያስቀመጡላት ነው የሞተችው።»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከታወቀ አከራያችንም አያስቀምጠን። ደንበኛውም እግሩን አያነሣም።»

«የእኔስ ይሁን። ልጅቷን ወደ እናትህ እንላካት። ደብረ ብርሃን ትደግ፣ ከእኔ ጋር አትቆይ።»

«ትምህርት ይዘጋና እንልካታለን።»

እዚህ ላይ ጆሮዬን ያዝኩ። የሰማሁት እንደምላክ ብቻ ነው፤ ይህንንም ያለችው እናቴ ናት። ድመቷ ትዝ አለችኝ።

«ያ ነገር» የሚሉት ሥጋ ደዌን ነበር። ስሙን በቤታችን ማንም ደፍሮ አይጠራውም። በሽታው እንደሚድን፣ መድኃኒቱም በነጻ እንደሚሰጥ ሬዲዮ ይናገር ነበር። ሬዲዮ የሚለውንና ጎረቤት የሚለውን ያመዛዘነ ሰው ግን የትኛው እንደሚከብድ ያውቃል።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ባዬ አረፉ። ድንኳን ተተከለ፤ የእድሩ ሴቶች ከኋላ ግቢ ለማብሰል ተሰበሰቡ። በለቅሶ ቤት ትልቁ ድስት የእናቴ ነበር። ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚቁላላ፣ በርበሬው መቼ እንደሚገባ የሚጠየቀው እሷ ናት፤ ከእሷ የሚበልጡ ሴቶች ሳይቀሩ «ጽጌ፣ በቃው?» ይሏታል። የዚያን ቀን ግን ገና ወደ ድስቱ ስትጠጋ የሴቶቹ አለቃ እትዬ ሙሉዬ ማማሰያውን ቀድመው አነሡት።

«ጽጌዬ፣ አንቺ ደክሞሻል። ዛሬ አረፍ በይ» አሏት።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«አይ፣ አይሆንም። ወንበር አምጡላት!»

ወንበር መጣ። ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጠላት። ሴቶቹ በሙሉ መሬት ላይና በርጩማ ላይ ተደራርበው ሽንኩርት ሲልጡ እናቴ ብቻዋን እንደ ትልቅ እንግዳ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻይ በተለየ ብርጭቆ መጣላት። ስትጨርስ ብርጭቆውን የሚቀበላት አልነበረም፤ እግሯ ሥር እንደተቀመጠ ዋለ። እኔ ኩራት ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። ለልጆቹ ሁሉ «የእኔ እናት አትሠራም፤ ወንበር ነው የሚሰጧት» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጭሱ ነው አልኩ። ከወንበሩ እስከ እሳቱ ድረስ ያለው ርቀት ጭስ የሚያደርስ እንዳልነበረ ዛሬ ሳስበው ይገባኛል። እትዬ ሙሉዬ ክፉ ሴት አልነበሩም። ነጠላዋ ሲንሸራተት ጣቶቿን አይተዋል፤ ሊያሳፍሯት ስላልፈለጉ አከበሯት። በደግነት የተገለለ ሰው ደግሞ የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ከለቅሶው በኋላ እናቴ ቡሹሎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ለመሄድ ቆረጠች። ፒያሳ ዙሪያ ክሊኒክ ሞልቷል፤ ግን የትኛውም ካርድ ክፍል ውስጥ የምታውቀው ሰው አይጠፋም። ልጅቷም መታየት አለባት ብላ እኔን ይዛኝ ወጣች። ለእኔ ግን አልተነገረኝም። ጋሪ ተሳፈርን። መንገዱ ሐይቁን ተጠግቶ ሲሄድ ሳይ ቀኑ ደረሰ አልኩ። የጋሪውን ብረት ጨብጬ ዙሪያውን አያለሁ፤ ጆንያ ይኖር እንደሆነ የመቀመጫውን ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብዬ አየሁ። እናቴ ምን እንደምፈልግ አልጠየቀችኝም። እሷም የራሷን ፍርሃት ጨብጣ ተቀምጣለች።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ጠበቅን። ከጎናችን አንዲት የሲዳማ ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ስሟ ሲጠራ ዕቃዋን ሰብስባ ተነሣችና ሕፃኑን ወደ እናቴ ዘረጋችው።

«ያዢልኝ እህቴ፣ አሁን መጣሁ» አለች።

እናቴ እሳት የነካት ይመስል ወደ ኋላ ሸሸች። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አልችልም» አለች። «ይቅርታ፣ አልችልም።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ሕፃኑን እንደታቀፈች ገባች። እኔም እናቴን ተቀየምኳት። የራሷን ልጅ ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚባል ነገር ሁሉ ጠልታለች ማለት ነው።

ሐኪሙ ረጅም፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነበር። መጀመሪያ እኔን አገላብጦ አየኝና ምንም የለባትም አለ። ከዚያ እናቴን ዓይኗን አስጨፍኖ፣ በጥጥ ጫፍ አንዴ ጣቷን፣ አንዴ ክንዷን፣ አንዴ ጉንጯን እየነካ «እዚህ? አሁንስ?» ይላታል። «አዎ፣ አዎ» ትላለች። በመርፌ ጫፍም ነካ አደረጋት። ከዚያ አፍንጫዋ ውስጥ በባትሪ አየ። ጥፍሮቿ ላይ የነበረውን ቢጫ ቀለም ሲያይ ቀና አለ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሕትመት ነው። ካናቴራ፣ ምናምን።»

«በእጅዎ የሚነኩት ነገር አለ? ብርቱካናማ ጨው የመሰለ?»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «ባይክሮሜት። እንዴት አወቁ?»

«ቆዳ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ሠርቻለሁ፤ ይህን ቁስል እዚያ አይቼዋለሁ» አላት። «አይዞዎት። ሥጋ ደዌ አይደለም።»

ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ግን የሰማችው የመጨረሻዋን ቃል ነው።

«አይደለም?»

«አይደለም። ስሜትዎ ደህና ነው። የበላዎት ጨው ነው። ግን እህቴ፣ ይስሙኝ፣ ይህ ጨው ቀላል ነገር አይደለም። ከተቻለ ሥራውን ይተዉት። ካልተቻለ ያለ ወፍራም የላስቲክ ጓንት እንዳይነኩት፣ አፍንጫዎንም ይሸፍኑ። ብናኙ ሳንባ ድረስ ነው የሚገባው። ዛሬ ቁስል ብቻ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።»

«እሺ። እሺ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እያለቀሰች ትስቅ ነበር። እኔ ደግሞ እሷን እሷን እያየሁ ነበር እንጂ ሰውየውን አልሰማሁትም፤ ያለውንም ሁሉ ኋላ ነው ያገጣጠምኩት።

ወደ ደጅ ስንወጣ ያቺ የሲዳማ ሴት አግዳሚው ላይ ተመልሳ መድኃኒቷን ትጠብቃለች። እናቴ ቀጥ ብላ ሄደችና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወርውራ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«አሁን ስጪኝ» አለቻት። «በእናትሽ፣ ስጪኝ።»

ሴትየዋ ግራ ገብቷት ሰጠቻት። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ፣ አንገቱ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሕፃኑን መለሰችና ወደ እኔ ዞረች። ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘችኝ። ጣቶቿ ሻካራ ነበሩ። ጉድጓዶቹን በቆዳዬ ቆጠርኳቸው ማለት ይቻላል፤ ግን ምንም አልመሰለኝም። ከጤና ጣቢያው ወጥተን ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ አበላችኝ። አጥንቱን እየለቀመች በእጇ አጎረሰችኝ። አፌ ሞልቶ እንኳ አታቆምም። ሐይቁ ዳር መጥቼ አልተጣልኩም፤ በዚያ ላይ ጎረስኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ቀን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

አባቴ በማግሥቱ ጓንት ገዝቶ መጣ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ እስከ ክርን የሚደርስ ነው። እናቴ አደረገችው። የዚያን ቀን ፍሬም ልታሰጣ ወደ ፊት ለፊት ስትወጣ በአቶ ኑሪ መደብር ደጃፍ ጨርቅ የሚያስለኩ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሌላዋን በክንዷ ጎሸመቻት። እናቴ አየቻቸው። ፍሬሙን አስቀምጣ ጓንቱን ከአንዱ እጇ፣ ከዚያ ከሌላው ሳበችና በሩ ላይ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ጠበባት መሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አልነካችውም። ጨውን መበጥበጡንም ከጨለማው ክፍል አውጥታ ደጃፉ ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት፣ በፕላስቲክ ሳፋ አደረገችው፤ ሐሩን ለመቀባት ብቻ ነው ወደ ውስጥ የምትገባው። መንገደኛ ቆሞ ያያታል። እሷም በባዶ እጇ እየበጠበጠች «እዩት፣ ጨው ነው የበላኝ! ሐኪም አይቶኛል» ትላለች፤ ላልጠየቃትም ትናገራለች። እትዬ ሙሉዬ የሰሙ ቀን መጡ። የእናቴን ብርቱካናማ እጅ ስበው ሳሙት።

«ጽጌዬ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

«ምን አደረጉኝና?» አለች እናቴ። «ወንበር ነው እኮ የሰጡኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ። በቀጣዩ ለቅሶ ቤት ማማሰያው በእናቴ እጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜም ጠጉሬ እንደ ድሮው ዓይኔ እስኪወጠር ይጎነጎን ጀመር። ደብረ ብርሃን የሚባል ነገር ዳግመኛ አልተነሣም።

ሥራም ጎረፈልን። ምርጫ ደርሶ ነበርና ካናቴራ የማያሳትም ፓርቲ አልነበረም። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼም ጉዱማሌ አደባባይ የሚወጣው ሕዝብ ግማሹ የእናቴን እጅ ሥራ ለብሶ ነበር፤ እኔ አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ «ያ የእኛ! ያም የእኛ!» ስል ዋልኩ። ቁስሎቿ ይድናሉ፣ ሌላ ቦታ ይወጣሉ። ማንም ልብ አላለውም። ጨው ነዋ። ጨው መሆኑ ከታወቀ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ያ ጨው የሚፈራ ነገር መሆኑ ቀረ፤ እንዲያውም እንደ ባለውለታ ነበር የምናየው።

ጓንቱ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አስተማሪያችን አንድ ብልቃጥ ከቁም ሳጥን አውጥቶ፣ በሁለት ጓንት ይዞ፣ «ይህን ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይከፍት» አለን። ብርቱካናማውን ሳይ ፈገግ አልኩ። የቤቴ ቀለም ነው። ከዚያ የተለጠፈበትን ማስጠንቀቂያ አነበብኩ። ካንሰር ያመጣል ይላል። የቡሹሎው ሐኪም ድምፅ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው፤ «ሳንባ» ያለው፣ «ጓንት» ያለው። የዚያኑ ቀን ለአባቴ ደወልኩና ጮህኩበት። ያን ጊዜ ግን ተዘጋጅቶ የሚመጣ ኮላ ገበያ ላይ ወጥቶ ነበርና ባይክሮሜቱ ቀርቷል። «ኧረ ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» አለኝ። ከቡሹሎው ቀን ወዲህ እናቴ እጇን በጨው ውስጥ የነከረችባቸው ዓመታት ግን አላለፉም፤ ደረቷ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ሳል የጀመራት እኔ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው ሄዶ ነበር። ጨው ነው ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅሁት። «ሊሆን ይችላል፤ ግን በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ሰው አታገኚም» አለኝ። ልክ ነው። እኔ ግን በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ።

ለብዙ ዓመት የማምነው አንድ ነገር ነበር። ቡሹሎ የሄድን ቀን በደስታ ጆሯችን ተደፍኖ የሐኪሙን ምክር ማንም አልሰማውም ብዬ ነበር የማምነው። ደስታን ወቅሼ፣ በዚሁ ተጽናንቼ ኖርኩ። አንድ ከሰዓት ትራሷን ደገፍ አድርጌላት ስቀመጥ አፌ አመለጠኝ።

«እማዬ፣ የቡሹሎው ሐኪም ያለሽ ትዝ ይልሻል?»

«ሁሉም ትዝ ይለኛል።»

«ጨው ሳንባ ይገባል ማለቱስ?»

«ሰምቼዋለሁ፣ ሩትዬ» አለች። «ደንቆሮ መሰልኩሽ እንዴ?»

ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች።

«ጓንት አድርጌ የወጣሁ ቀን እነዚያ ሴቶች እንዴት አድርገው እንዳዩኝ አላየሽም። እጁን የሚሸፍን ማን ነው? በሽተኛ ነው። ሥራውን ትቼ ቤት ብቀመጥማ አለቀልኝ፤ ‹አላልንም?› ነበር የሚሉት። ሐኪሙ ለእኔ ነገረኝ እንጂ ለሰፈሩ አልነገረልኝም። ሰው ያመነኝ እጄን ጨው ውስጥ ሲያይ ነው።»

«ከዚያስ በኋላ? ካመኑሽ በኋላ ለምን አላደረግሽውም?»

«አንዴ አውልቄው ደግሜ ባጠልቀው፣ ተመለሰባት ይሉ ነበር።»

ንዴት ነው የያዘኝ። ለታመመ ሰው የማይገባ ንዴት። «እነሱ ቢሉስ? ቢሉስ፣ እማዬ? በአንዲት ወንበር የተነሣ?»

«አንቺ እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጥሽም» አለችኝ። ቀጥላም «ደግሞ ለአንቺም ብዬ ነው» አለች። «የቆማጣ ልጅ ተብለሽ ብታድጊ ይሻልሽ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አዎ፣ ይሻለኝ ነበር» አልኩ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ እንጂ ቃሌን አልመለስኩም፤ ዛሬም ቢሆን አልመልሰውም። እሷም አልተቆጣችኝም። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላወራንም፤ ጊዜም አላገኘን።

የቀብሯ ቀን የእድሩ ሰው አንድ አልቀረም። አቶ ኑሪ መደብራቸውን ዘግተው ከነቤተሰባቸው መጡ። እትዬ ሙሉዬ በምርኩዝ እየተደገፉ ገብተው ከማንም ፊት ጮኸው አለቀሱላት። ኋላ ግቢ ሴቶቹ ትልቁን ድስት ጥደው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው፣ «በርበሬውን ጽጌ ብትኖር» እያሉ እያነሷት ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ቦታ ያጣው ሰው ደጅ ቆመ። እናቴ የፈለገችው ይህንን ነበር፤ አገኘችውም። እኔ የፈለግሁት ግን እሷን ነበር።